መልኩ እንደ ፋብሪካው፣ ልኩ እንደ አገሩ

ስለ አሮጌ መኪኖች ካርቡሬተር እድሳት ሲሪንቃ ላይ የቀረበ ዲስኩር



የጋበዙኝ ወዳጆቼ «ስለ አሮጌ መኪና እድሳት ያውጉን» ነው ያሉኝ። ለክብሩ አመሰግናለሁ። አሮጌ መኪና ግን ብዙ ነገር ነው፤ ቦዲ አለው፣ ሞተር አለው፣ ወንበርና ሽቦ አለው። ሁሉን ልንካ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ይመሻል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። በአንድ እጅ የሚነሣ፣ የአየር ፊልትሮው ሲወልቅ ቀድሞ የሚታይ፣ ከዚያም በላይ መኪናው ይሂድ አይሂድ የሚወስን ዕቃ ነው፤ ካርቡሬተር።

የዛሬው ነገሬ በአጭሩ ይኸውላችሁ፤ አሮጌ ካርቡሬተር ሲታደስ መልኩ እንደ ፋብሪካው፣ ልኩ እንደ አገሩ ይሁን። ከውጭ ሲያዩት ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን ይምሰል፤ ከውስጥ ግን ለእኛ ከፍታና ለእኛ ቤንዚን ይለካ። ይህን ደጋግሜ እጠራዋለሁና አትሰልቹኝ።

በአምስት ነጥብ እሄዳለሁ። አንደኛ፣ ነገሩ ለምን ያሳስበናል? ሁለተኛ፣ የፋብሪካ መልክ የምንለው ምን ዓይነት መልክ ነው? ሦስተኛ፣ ያንን መልክ የሚያጠፉት ልማዶች የትኞቹ ናቸው? አራተኛ፣ ሥራው ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል? አምስተኛ፣ ልኩን ለአገራችን እንዴት እናስተካክላለን?

አንደኛ፤ ለምን ያሳስበናል?

በአገራችን የቤንዚን መኪና ታሪክ ረጅም ነው። በ1900 ዓ.ም ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ሲድሊ መኪናውን አዲስ አበባ አስገባና ዐፄ ምኒልክ ፊት አቀረበው። ከዚያ ወዲህ የገባው የቤንዚን መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው በካርቡሬተር ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን መሆኑን በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም። ሮልስ ሮይስና ካዲላክ በነበረበት ግቢ፣ ያን ዕለት ታሪክ የጫነችው ትንሿ ቮልስ ነበረች። ቮልስ የሐኪሙም፣ የመምህሩም፣ የነጋዴውም መኪና ነበረች። ላንድ ሮቨር በአገራችን ያልወጣበት ዳገት የለም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ስታመላልስ የኖረችው ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች ናት፤ ካርቡሬተሯም የጣልያኑን የዌበርን አሠራር የተከተለ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያ አድርጎ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው በዚህ አስፋልት ዳር ያደገ ሰው እነዚህን መኪኖች በድምፃቸው ይለያቸዋል።

ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የዚህን ውሳኔ ጥቅምና ጉዳት ለሌላ ቀን እንተወው። ለኛ ለእድሳት ሰዎች ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው የካርቡሬተር መኪና ከእንግዲህ አይጨመርበትም፣ ይቀነስበታል እንጂ። የተሰበረ በሌላ አይተካም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም ጦርነት ይህ አካባቢ ምን ያህል ንብረት እንዳጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። የተረፈውን መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። ካርቡሬተር የሀብታም ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከመርሳ ወልድያ የሚመላለሰው የብዙው ባጃጅ ሞተር ካርቡሬተር አለው። የግብርና ባለሙያው ሞተር ብስክሌትም ካርቡሬተር አለው። በጊራና ሸለቆ ሽንኩርት የሚያጠጣው ትንሹ የቤንዚን ፓምፕም አለው። በአሮጌ ቮልስ ካርቡሬተር ላይ ጥንቃቄ የለመደ እጅ ለፓምፑም፣ ለባጃጁም ይተርፋል።

ሁለተኛ፤ የፋብሪካ መልክ ምን ዓይነት መልክ ነው?

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ላስታውስ። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ያልፋል። ጉሮሮው መሐሉ ላይ ጠበብ ይላል። አየር በጠባብ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ከጎን ካለችው ትንሽ ጋን ቤንዚን እየተሳበ በስሱ ይረጫል። በጋኗ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የቤንዚኑን ከፍታ ይጠብቃል። ጄት የምንላት፣ ቀዳዳዋ በልክ የተበሳች የነሐስ ብሎን ደግሞ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚያልፍ ትወስናለች። ከታች ቢራቢሮ የሚባለው ክብ ክዳን ከእግራችን ጋር ተያይዞ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ነገሩ ይኸው ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈለጋል፤ ካርቡሬተር ይህን ያለ ኮምፒውተር ሲመጥን የኖረ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ መልኩ እንምጣ። የፋብሪካ መልክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ መስተዋት የሚያበራ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት። ፋብሪካው ካርቡሬተርን እንዲያበራ አልሠራውም። እንዳይበላ ነው የሠራው።

የካርቡሬተር አካል በብዛት ከሁለት ብረቶች በአንዱ ይፈሰሳል፤ ወይ ከአሉሚኒየም፣ ወይ ዛማክ ከሚባለው የዚንክ ቅይጥ። ለመለየት ሚዛን አያስፈልግም፤ ዚንክ ከአሉሚኒየም ከእጥፍ በላይ ይከብዳል፣ እጅ ይነግራችኋል። አሉሚኒየም ሲሆን ፋብሪካው ከቅርጹ እንደወጣ ነው የሚተወው፤ ድብዝዝ፣ ለስላሳ፣ ብርማ ግራጫ። ዚንክ ሲሆን ደግሞ በተለይ በብዙ የአሜሪካ ካርቡሬተሮች ላይ ክሮሜት በሚባል ኬሚካል ይነከራል። ከዚያ ሲወጣ ወርቃማ ቢጫ ይሆናል፤ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት አረንጓዴና ሮዝ ይጫወትበታል። ይህ ቀለም ውበት ለመጨመር የተቀባ አይደለም። ብረቱ ራሱ ከኬሚካሉ ጋር ተዋሕዶ ያበቀለው ቆዳ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ።

ብሎኖቹና ክንዶቹ ከብረት የተሠሩ ስለሆኑ ዚንክ ተነክረዋል፤ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ቢጫ። ጄቶቹ ነሐስ ናቸው፣ ምንም አይቀቡም። እንግዲህ አንድ ካርቡሬተር ላይ አራት አምስት ዓይነት መልክ አለ ማለት ነው፤ ግራጫው፣ ቢጫው፣ ነጩ፣ የነሐሱ፣ አንዳንዴም ጥቁር ክንድ። ትክክለኛ እድሳት እነዚህን ልዩነቶች ይጠብቃል። ሁሉን አንድ ዓይነት ያደረገ ሰው ካርቡሬተሩን አላደሰውም፤ ሸፍኖታል።

ሦስተኛ፤ መልክ የሚያጠፉ ልማዶች

በየጋራዡ የምናያቸውን አምስት ልማዶች ልቁጠር። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሁሉም ከንጹሕ ልብ የሚደረጉ ናቸው።

የመጀመሪያው ብርማ ቀለም መርጨት ነው። ቀለሙ ለሳምንት ያምራል። ከዚያ ቤንዚን ሲነካው ይላጣል፣ የተላጠው ቅርፊት ወደ ጉሮሮው ይገባል፣ በቀለሙ ስር የነበረው ቁጥርና ምልክትም ይጠፋል።

ሁለተኛው በማሽን መወልወል ነው። የተወለወለ አሉሚኒየም ያበራል፤ እውነት ነው። ግን ከቅርጹ ሲወጣ የነበረው ድብዝዝ ገጽ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። የተነሡ ፊደሎች ይፋቃሉ፤ ጠርዞች ይዶለዱማሉ። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ሲያየው «ይህ ተፍቋል» ይላል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል።

ሦስተኛው በአሸዋ መርጨት ነው። አሸዋ ለሻንሲ ይሆን ይሆናል። ለካርቡሬተር ግን ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ገጹን ያሻክራል፣ ደግሞም በየቀጭን ቀዳዳው ገብቶ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲነሣ ያ አሸዋ ወዴት እንደሚሄድ መካኒክ ሁሉ ያውቃል።

አራተኛው ኮስቲክ ሶዳ፣ በረኪናና አሲድ ነው። «ለድስት የሠራ ለዚህም ይሠራል» ይባላል። አይሠራም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምንም ዚንክንም ይበላል፤ ውኃው ውስጥ አረፋ ሲነሣ የምታዩት ቆሻሻው ሲለቅ ሳይሆን ብረቱ ሲሟሟ ነው። ሎሚና ኮምጣጤም ቢሆን የዚንክ አካልን ያጠቁረዋል።

አምስተኛው ጄት በሽቦ መጎርጎር ነው። 127.5 የተጻፈበት ጄት ቀዳዳው 1.275 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ በፀጉር ውፍረት የሚሆን ቢጨመር ጄቱ ሌላ ጄት ሆነ፤ የተጻፈበት ቁጥርም ውሸት ሆነ። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ የብረት ሽቦ ይፍቀዋል። የተደፈነ ጄት በማጽጃ ተዘፍዝፎ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል እንጂ አይጎረጎርም።

አምስቱም ልማዶች ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ፤ ማብረቅን ከማደስ ጋር አንድ አድርጎ ከማየት። ማብረቅ ሌላ፣ ማደስ ሌላ።

አራተኛ፤ የሥራው ቅደም ተከተል

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንቅረብ። ተማሪዎች፣ እስክሪብቶ ያዙ።

ሥራው የሚጀምረው በማወቅ ነው። ካርቡሬተሩ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ሞዴሉና ቁጥሩ አለ፤ አካሉ ላይ ተቀርጾ ወይም በትንሽ ቆርቆሮ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ቮልስ ላይ ሶሌክስ 28 ፒክት፣ 30 ፒክት ወይም 34 ፒክት ታነባላችሁ። በአሮጌው ላንድ ሮቨር ላይ እንደ ዘመኑ ሶሌክስ ወይም ዜኒት ይኖራል። ይህን ጻፉት። ያቺን የተመታች ቆርቆሮ እንደ መታወቂያ ቁጠሯት፤ አትጣል፣ አትጣመም፣ በሌላ አትለወጥ። አንዳንድ ጊዜ መኪናው የአንድ ዓመት፣ ካርቡሬተሩ የሌላ ዓመት ሆኖ ይገኛል። ያ ነውር አይደለም፤ ሳይጻፍ ማለፉ ግን ኋላ ሌላውን ያሳስታል።

ቀጥሎ ፎቶ ነው። ከመታጠቡ በፊት፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ከየአቅጣጫው። ኪሳችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። የትኛው ሞላ በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ፣ የትኛው ብሎን ረጅም እንደሆነ፣ ክንዱ ወዴት እንደዞረ ፎቶው ይመሰክራል።

ሲፈታ ካቻቢቴው የብሎኑን ራስ በልክ የሚሞላ ይሁን። የተበላ የብሎን ራስ ከሩቅ የሚታይ የግዴለሽ እጅ ምልክት ነው። ግትር ብሎን አይታገሉትም፤ ዘይት አጠጥተው ያሳድሩታል።

ከተፈታ በኋላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ። የመጀመሪያውን መልክ ፈልጉ። ከጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ስር፣ ከቆርቆሮዋ በታች፣ ከብሎኑ ራስ ስር ፀሐይና ቤንዚን ያልደረሰበት ቦታ አለ። ፋብሪካው የሰጠው ቀለም እዚያ ተደብቆ ይገኛል። ቢጫ ነበር ወይስ ግራጫ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት እዚያ እዩ። ያንን ቦታ ቅርብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፤ የሥራችሁ ሁሉ መመሪያ እሱ ነው።

ከዚያ ማጠብ። በለብ ያለ ውኃና ሳሙና ጀምሩ። ያልለቀቀውን ቅባት በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አንሡ። የደረቀ የቤንዚን ሙጫ ካለ ለካርቡሬተር የተሠራ ማጽጃ አለ። ቤንዚን ለማጠቢያ አትጠቀሙ፤ በየጋራዡ ከሰል ተያይዞ ቡና ይፈላል፣ የቤንዚን ትነት ደግሞ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል። የታጠበበትንም ፈሳሽ ወደ ቦይ አትድፉት፤ ይህ ቦይ መስኖ ነው፣ ሰው ይበላበታል።

ቀጥሎ የሚገጥሙ ፊቶችን መፈተሽ ነው። ክዳኑና አካሉ የሚገናኙበት ፊት በሙቀትና ብሎንን ከልክ በላይ በማጥበቅ ይጣመማል፤ የላንድ ሮቨሩ ዜኒት በዚህ የታወቀ ነው። ወፍራም መስተዋት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ ፊቱን በቀስታ፣ በስምንት ቁጥር አዙሩት። ከፍ ያለው ቦታ ያበራል፣ ዝቅ ያለው ጨለማ ይቀራል። እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ። ይህ ፊት ፋብሪካም በማሽን የቆረጠው ስለሆነ መንካት ይፈቀዳል፤ የውጩን ገጽ ግን በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት።

የቢራቢሮውን ዘንግ ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች አነቃንቁት። ከተንገጫገጨ በጎኑ አየር ይገባል፤ ሚኒሞው አይረጋም፣ መካኒኩ ብሎን ሲያዞር ይውላል። መድኃኒቱ ቀዳዳውን በልክ አስፍቶ የነሐስ ቡሽ ማስገባት ነው። ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ ይሠራዋል፤ ከውጭም አይታይም። መልኩ እንደ ፋብሪካው፣ ልኩ እንደ አገሩ ስል አንዱ ይህ ነው። ጥገናው አለ፣ ግን አይጮህም።

መንከር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የብረት ክንዶቹና ብሎኖቹ ዝገው ከሆነ በኤሌክትሪክ ዚንክ ወደሚነክር ወርክሾፕ ይላካሉ። ሦስት ነገር አስጠንቅቁ። አንድ፣ ንክሩ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ ብሎኑ አይገባም፣ ዘንጉም ይይዛል። ሁለት፣ ቀጫጭን ሞላዎችን አትላኩ፤ በአሲድ ታጥበው ሲነከሩ ብረቱ ሃይድሮጅን ይጠጣና እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሰበራል። ሞላ በደንብ ጸድቶ ስስ ዘይት ይበቃዋል። ሦስት፣ ቢጫውን ክሮሜት እቤታችሁ ለመበጥበጥ አታስቡ። የድሮው ቢጫ የሚመጣበት የክሮሚየም ዓይነት ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። አሮጌ ክንዶች ላይም ካድሚየም የተነከረ ሊኖር ስለሚችል በደረቁ አትሞርዱ፣ አቧራውን አትተንፍሱ።

«ነካሪ ባናገኝስ?» የሚል ይኖራል። መልሴ ቀላል ነው። አጽዱትና እንዳለ ተዉት። የደበዘዘ እውነተኛ መልክ ከሚያበራ ሐሰተኛ መልክ ይሻላል።

መጨረሻው መግጠም ነው። ጓርኒሲዮኖቹና ጎማዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ ኤታኖልን የሚችሉ መሆናቸውንም ጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም ቤንዚን 5 በመቶ ኤታኖል ተቀላቅሎበት መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ ኤታኖል የድሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ውኃም ይስባል፣ ውኃው ደግሞ የዚንክን አካል ከውስጥ በነጭ ዱቄት ይበላዋል። ብሎኖቹን በየተራ፣ በሰያፍ፣ በመጠኑ አጥብቁ። የተንሳፋፊውን ከፍታ በመመሪያው ልክ አድርጉ። ከዚያ ካርቡሬተሩን መኪናው ላይ ከመስቀላችሁ በፊት እንደገና ፎቶ አንሡ።

አምስተኛ፤ ልኩ እንደ አገሩ

እስካሁን ስለ መልክ ተናገርን። አሁን ስለ ልክ።

እነዚህ ካርቡሬተሮች የተለኩት ለአውሮፓ ሜዳ ነው። ሲሪንቃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ጄቱ ግን አይጠብም። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ ጄት የተገጠመለት ሞተር እዚህ ሲሠራ ድብልቁ በ10 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይበላል። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ይብሳል። በአፋር ቆላ ወዳለችው ሚሌ ሲወርድ ደግሞ ውፍረቱ ይቀንሳል።

ይህን ለሲሪንቃ ሰው ማስረዳት አይከብድም። እዚሁ ጎረቤታችሁ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላ ዝርያ ሲያወጣ ይህ ለየትኛው ከፍታ፣ ለየትኛው ዝናብ ብሎ ነው። ለደጋ የወጣውን ቆላ ወስዶ የሚዘራ ገበሬ የለም። ጄትም እንዲሁ ነው፤ ፋብሪካው ለራሱ አገር የመረጠውን ቁጥር እኛ እንደ ሃይማኖት ልንይዘው አይገባም።

እንዴት ይስተካከላል? የቀዳዳውን ስፋት በ9 በመቶ ገደማ መቀነስ ነው፤ በዳያሜትር ሲሰላ ከ5 በመቶ ያነሰ ይሆናል። 127.5 ጄት የነበረው ወደ 122.5 ወይም ወደ 120 ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ ካንዴላውን አውጥታችሁ አንብቡት፤ ቡና ዓይነት ቡኒ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል፤ ጥቁር ከሆነ ገና ወፍራም ነው፤ ነጭ ከሆነ ሳስቷል፣ ቶሎ መልሱት። ድብልቁ የሳሳ ሞተር ይግላል፤ በተለይ ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ባለ ቮልስ ትልቁን ጄት መልሶ መግጠም አለበት። ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ሁለቱም ተደምረው ከአንድ አዝራር አይበልጡም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጄት መቀየር በከፍታ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም። አየሩ ከሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ጄቱ የሚያድነው ቤንዚኑን፣ ካንዴላውንና ሞተሩን ነው።

እዚህ ላይ መልክና ልክ ይታረቃሉ። ጄት ውስጥ ያለ ዕቃ ነው፤ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ መልኩን ሳትነኩ ልኩን መቀየር ትችላላችሁ። የወጣውን የፋብሪካ ጄት ግን አትጣሉት። በትንሽ ላስቲክ አሽጉት፣ «የዚህ ካርቡሬተር ነው፣ በዚህ ቀን ወጣ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ከመኪናው ጋር ይኑር። ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ለውጥ ሁሉ ይፈቀዳል፤ ሊመለስ የማይችል ለውጥ ግን ሦስት ጊዜ ይታሰብበት።

ማጠቃለያ

ወዳጆቼ፤ ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ጥያቄ ልመልስ። ሁሉ አሮጌ ካርቡሬተር መታደስ አለበት ወይ? የለበትም። መንገድ ላይ የሚውል መኪና ይታደስ፤ መሥራት አለበትና። ታሪክ የተሸከመ መኪና ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ እይታ የቀረቡትን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መኪኖች ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ጭረቱም፣ የደበዘዘው ቢጫም፣ የአሮጌ መካኒክ እጅ ያሳረፈው ጥገናም ምስክር ነው። እሱ ይጸዳል፣ ከዝገት ይጠበቃል፣ አይታደስም። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ከእጅ ሙያ በፊት የሚመጣ ሙያ ነው።

ባለ መኪናዎች፤ መካኒካችሁን «አብራልኝ» አትበሉት። «እንደነበረ መልስልኝ» በሉት። ለጊዜውም ክፈሉት፤ ይህ ሥራ በችኮላ አይሆንም።

መካኒኮች፤ ከእናንተ እጅ የወጣ ካርቡሬተር ሁሉ ከአንድ ወረቀት ጋር ይውጣ። ምን ተገኘ፣ ምን ተቀየረ፣ ምን እንደነበረ ቀረ። ወረቀቱን ኋላ የሚከፍተው ሌላ መካኒክ ነው፣ እናንተን አመስግኖ ይቀጥላል።

ተማሪዎች፤ ነገ ኤሌክትሪክ መኪና ትጠግኑ ይሆናል፤ ጠግኑ። ካርቡሬተርን ግን ፈታችሁ ግጠሙ። አየር፣ ቤንዚንና ግፊት እንዴት እንደሚነጋገሩ እንደዚህ አፍረጥርጦ የሚያስተምር ሌላ ዕቃ የለም። ትምህርቱንም ከባጃጁና ከአባታችሁ ፓምፕ ጀምሩት።

ለሁላችሁም የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። እጃችሁ የገባውን አሮጌ ዕቃ መጀመሪያ እወቁት፣ ቀጥሎ ጻፉት፣ ከዚያ በኋላ ንኩት። መልኩን ለፋብሪካው፣ ልኩን ለአገሩ መልሱለት።